የረጉት ዓሣዎች

ዘይባ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈተች አምስት ዓመት ሆኗታል። ሠርግ ታነሳለች፣ ምረቃ ታነሳለች፣ የጉርድ ፎቶ ታነሳለች። የከተማው ሰው ግን በሥራዋ ብቻ ሳይሆን በተጠያፊነቷም ያውቃታል። ሌላ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አይወርድላትም። ድመት ያለበት ቤት ምሳ ከተጋበዘች እያንዳንዱን ጉርሻ አገላብጣ ሳታይ አፏ አታስገባም። ሠርግ ላይ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጡ ሰዎችን የምታነሳው ትንፋሿን ይዛ ነው፤ በካሜራ በኩል ሲያዩት ይቀላል ትላለች። ቡታጅራ ያሉት እናቷ፣ «ይቺ ልጅ ስትወለድ አዋላጇንም ተጠይፋለች» እያሉ ይስቁባታል።

መምህር ይትባረክ ለዚያ ሥራ የመረጣት እንዲህ ያለችዋን ሰው ነው።

ይትባረክ ከከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ባዮሎጂ ያስተምራል። አርባ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮቷ ላይ የተሰቀለ የቀለበት ፎቶ አይቶ ገባ። የአንዲት ሙሽራ ቀለበት ነው፤ ሊነሳ ሲል ንብ አርፋበት የንቧ ዓይንና በእግሯ ላይ ያለው ጸጉር ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ዝንብ ቢሆን ኖሮ ዘይባ አትሰቅለውም ነበር።

«በበጋ ወንዙ ሲሸሽ በዓለቱ መሀል የሚቀረውን ውሃ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አላት።

«ከብት የሚጠጣው?»

«እሱን። ውስጡ ስንት ፍጥረት እንዳለ ብታዪ። ያንን እንድታነሺልኝ ነው የመጣሁት።»

ቡታጅራ ላይ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚሳተፉበት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው፤ ትምህርት ቤቱን ወክሎ የሚያቀርበው እሱ ነው። ዘይባ መጀመሪያ እምቢ አለች። ትል፣ እንቁራሪት፣ የረጋ ውሃ፤ ሲወራላት እንኳ ምራቋ አፏ ውስጥ ተከማቸ። ይትባረክ አልተጫናትም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስለ ልጅነቱ ያወራላት ጀመር። የተወለደው አሰብ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋዩ መሀል ውሃ ይቀራል፤ አባቱ እጁን ይዘው እየወሰዱ ሸርጣኑን፣ ኮከብ የመሰለውን ዓሣ፣ ሲነኩት አበባውን የሚሰበስበውን እንስሳ ያሳዩት ነበር። በሰማንያ ሦስት ከተማውን ጥለው ሲወጡ ሰባት ዓመቱ ነበር።

«የዚያ ውሃ አንድ ፎቶ የለንም» አለ። «የአባቴም የለም። ሁሉም እዚያው ቀረ። ባሕር እዚህ የለም፣ ግን ይሄ ይመስለዋል።»

ፎቶ አንሺ ለሆነ ሰው «አንድ ፎቶ የለንም» ማለት ከባድ ነገር ነው። ዘይባ እሺ አለች።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ዳር ሄደው የቀረውን በእግር ወረዱ። ወደ ዋቤ የሚገባ ትንሽ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ሰው የሚወስደው ውሃ አሁን ሸሽቶ፣ በጥቁሩ ዓለት ላይ እዚህም እዚያም ገንዳ የሚያክል ውሃ ትቷል። ይትባረክ ትልቁን መረጠ።

ሽታው ቀድሞ ተቀበላት። የበሰበሰ ቅጠልና የከብት ሽንት ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ስም ያላወጣችለት የሚያጥወለውል ነገር አለ። የድንጋዩ ጠርዝ አረንጓዴ ልጋግ ለብሷል። ወደ ውሃው ለመጠጋት ማዳበሪያ አንጥፋ በሆዷ መተኛት ነበረባት። ክርኗ ልጋጉ ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው በእጅጌዋ አልፎ ገባና ገላዋ ሁሉ ተሸማቀቀ። ይትባረክ ከላይዋ ጥቁር ጃንጥላ ያዘላት፤ ያለዚያ ሰማዩ ውሃው ላይ እያንጸባረቀ ከሥር ያለው አይታይም።

ካሜራው ከምትጠየፈው ነገር ሁልጊዜ ያርቃት ነበር። ትንንሹን ነገር የሚያጎላው ይሄኛው ሌንስ ግን አቀረባት። ጅራታም የእንቁራሪት ልጆች አንዱን የሞተ ወንድማቸውን ከበው ሆዱን ሲቦጭቁ አየች። የውሃ ተርብ እጭ መንጋጋውን እንደ ክንድ ወርውሮ ጣት የማትሞላ ዓሣ ሲጠልፍ አየች። ቀጥሎ አውራ ጣት የሚያክል ቡናማ ነፍሳት እየቀዘፈ መጣ፤ ጀርባው ላይ እንቁላል ተደርድሮ ተለጥፎበታል።

«ይሄ አባትየው ነው» አለ ይትባረክ ከላይ። «እናትየዋ ጀርባው ላይ ጥላበት ትሄዳለች። እስኪፈለፈሉ እሱ ይሸከማል።»

ዘይባ ሌንሷን ይበልጥ አስጠጋች። በአንዱ እንቁላል ውስጥ ጥቁር ነጥብ ተንቀሳቀሰ። ካሜራውን አቀበለችው፣ ተነስታ ቁጥቋጦ ጀርባ ሄደችና ቁርሷን መለሰችው። አፏን ተጉመጥምጣ ተመልሳ ተኛች። ሥራ ጀምራ የምትተው ሰው አይደለችም።

ሁለት ላሞች እየነዱ ጋሽ ከማሉ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ከወንዙ በላይ ያለው የእንሰት ማሳ የእሳቸው ነው፤ ጢማቸው የነጣ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ገበሬ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

ዘይባ ሰላምታውን መለሰችና፣ «ፎቶ እያነሳን ነው ጋሼ» አለች።

«ምኑን?»

«ዓሣውን፣ ትሉን።»

ሽማግሌው ውሃውን አዩ፣ እሷን አዩ። «መታወቂያ ሊያወጡ ነው?» አሉ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪበቃቸው ተመለከቱ። ላሞቹ ከወዲያኛው ጠርዝ ይጠጣሉ።

እስከ ስምንት ሰዓት ሠሩ። ፎቶ ቤት ተመልሰው ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ግን ከአራት መቶ ፎቶ አሥሩ እንኳ አይረባም። ዓሣው ጅራቱ ብቻ ቀርቷል፣ ነፍሳቱ ጥላ ሆኗል። የይትባረክ ፊት ጠቆረ።

«ትዕግሥት ነው የሚፈልጉት» አለችው። «ሕፃን ልጅም እንዲሁ ነው መምህር። እስኪለምድ መጠበቅ ነው። ሦስት አራት ቀን ብንመላለስ ይሆናል።» ይህን ስትል ለራሷም ገረማት፤ ሦስት አራት ቀን እዚያ ልጋግ ላይ ልትተኛ ነው።

«ጊዜ የለም። ረቡዕ ሳምንት ይከፈታል» አለ። «ግዴለም፣ በሚቀጥለው ይረጋሉ» ሲል ጨመረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሟት ወርዶ ነበር። ስትደርስ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ማዳበሪያውን አንጥፎ ይጠብቃታል። የውሃውን ዳር ቡናማ አረፋ ከቦታል። ሽታው ያው ነው። እሷም እንደ ልማዷ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና ተኛች።

እውነትም ረግተዋል። ዓሣዎቹ ከላይ ቀርበው አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ቆመዋል፤ አንዳንዱ በጎኑ ዘንበል ብሎ ሆዱ ላይ ያለው ብር የመሰለ ቅርፊት ብርሃኑን ይቀበላል። የእንቁራሪቶቹ ልጆች እንደ ተነጠፈ ጥቁር ዶቃ ተኝተዋል። የውሃ ተርቡ እጭ መንጋጋውን ዘርግቶ እንዳለ ቀርቷል፤ ዙሪያውን እየዞረች ከአምስት ጎን አነሳችው።

«ምን ሆነው ነው?»

«ሌሊቱ ቀዝቅዞ ነበር። ብርድ ያደነዝዛቸዋል» አለ ይትባረክ።

ጠዋቱ ያን ያህል አልበረደም። ዘይባ ይህን ልብ ብላለች። ግን ፎቶው እያማረ ነበር፤ የሚያምር ፎቶ እየወጣ ደግሞ ጥያቄ ማብዛት አልፈለገችም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሱ። የመጀመሪያውን ቀን የሚያህል እንኳ አላቅለሸለሻትም፤ የማይወራጭ ነገር ለማየት ይቀላል።

ኤግዚቢሽኑ ረቡዕ ቡታጅራ ተከፈተ። ከፎቶዎቹ አሥራ ሁለቱ በትልቁ ታትመው በአዳራሹ ዋና ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ከቡኢ የመጡ ተማሪዎች ተሰብስበው እያዩ ስልካቸውን ያወጣሉ። አዘጋጇ ወይዘሮ መንበረ፣ ሰኞ ከክልል እንግዶች ስለሚመጡ ዘይባም እንድትገኝ ነገረቻት። እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ሄዱና፣ «አንቺ ነሽ ይሄን ያነሳሽው? በገዛ እጅሽ፣ ቀርበሽ?» አሏት። ዘይባ ደስ አላት። የዓሣውን ፎቶ አንድ ቅጂ ይዛ ተመልሳ፣ ሐሙስ ዕለት ንቧ የነበረችበት መስኮት ላይ ሰቀለችው።

አርብ ጠዋት ጋሽ ከማሉ ለጤና መድን መታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። ተነስተው እስኪታተም መስኮቱ አጠገብ ቆመው የዓሣውን ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ይሄ ሰክሯል» አሉ።

«ማን ጋሼ?»

«ዓሣው። አፉን እይው፣ ጎኑን እይው። ብርብራ የጠጣ ዓሣ እንዲህ ነው የሚሆነው። እኛም ልጅ ሆነን ፍሬውን ወቅጠን ወንዝ ውስጥ እየበተንን እንይዝ ነበር። ኋላ ትልልቆቹ ተቆጥተው አስተዉን።» ወደ እሷ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ይከፋሻል ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። ላሞቼ አምስት ቀናቸው፣ ከዚያ ውሃ አይጠጡም። ይሸታቸዋል። አንቺ ሳታውቂ ነው አይደል?»

ዘይባ የሽማግሌውን ፎቶ ቆርጣ በፖስታ አድርጋ ሰጠቻቸው፣ ፎቶ ቤቱን ዘጋች፣ ካሜራዋን አንግታ አብራቸው ወረደች።

ገና ከማሳው ጫፍ ላይ ሳሉ ጠረኑ አገኛቸው። ያን ቀን የተጠየፈችው ሽታ ከዚህ ጋር ሲወዳደር የጓሮ ሽታ ነበር። ይሄኛው ወፍራም ነው፤ በአፍንጫ ገብቶ ምላስ ላይ ይቀመጣል፣ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ውሃው እንደ ዝልግልግ መረቅ ሆኖ ግራጫ ቅባት ሰፍፎበታል። ዓሣዎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ፈንድቷል፤ ጠርዝ ላይ የተከመሩት ደግሞ የሚንቀሳቀሱ መሰላት። ጎንበስ ብላ ስታይ የሚንቀሳቀሰው ትሉ ነው፤ ነጭ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ በዓይናቸው ገብቶ በአፋቸው የሚወጣ። የእንቁራሪቶቹ ልጆች ቅርፃቸው ጠፍቶ ጥቁር ጭቃ ሆነዋል። ባዶ እንቁላል ሳይሆን ያልተፈለፈለ እንቁላል የተሸከመ አንድ ነፍሳት ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል፤ እንቁላሎቹ ሻጋታ አብቅለዋል። ዝንቡ ፊቷ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ ያርፋል።

አንዴ አስመለሳት። ጋሽ ከማሉ ውሃ በኮዳ አቀበሏት። ተጉመጠመጠችና፣ ባዶውን ድንጋይ ላይ፣ ማዳበሪያ እንኳ ሳታነጥፍ በሆዷ ተኛች። አነሳች። የሚሮጥ የለም፣ የሚደበቅ የለም፤ እያንዳንዱ ፎቶ ጥርት ብሎ ወጣ። ያ ጥራት ራሱ አንገፈገፋት።

«ይሄ ውሃ ለነገሩ ሊደርቅ አልነበር?» ብላ ጠየቀች ስትነሳ። ይሁን የሚል ሰው ፈልጋ ነበር።

«አይደርቅም» አሉ ጋሽ ከማሉ። «ይሄኛው ጥልቅ ነው። መጋቢት ላይ ይዘንባል፣ ወንዙ ይመጣል፣ ይዟቸው ይሄዳል። በየዓመቱ እንዲህ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ይትባረክን ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ አገኘችው። ብቻውን ነበር፤ ሰኞ ለእንግዶቹ የሚያነበውን ጽሑፍ እያስተካከለ ነው። ካሜራውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሁለት ሦስት ፎቶ አይቶ ፊቱን አዞረ።

«ብርብራ ነው?» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ነው ወይ አልኩህ።» እስከዚያ ቀን «አንተ» ብላው አታውቅም።

ይትባረክ መነጽሩን አወለቀ። «ትንሽ ነው የጨመርኩት። እስኪደነዝዙ ብቻ ነው ያሰብኩት፣ መጠኑን አላወቅሁትም። አንድ ጉድጓድ ውሃ ነው ዘይባ። ወንዙ ላይ ስንት አለ። ስንት ልጆች ናቸው ፎቶውን አይተው ስለ ውሃው ያወቁት፣ እሱንም አስቢ።»

«የሞተ ነው ያሳየሃቸው።»

«ሲነሳ አልሞተም ነበር።»

«እየሞተ ነበር። እኔ ደግሞ እያነሳሁት።»

ሊያባብላት ፈልጎ ይመስላል፣ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺኮ ስታያቸው ታስመልሺ ነበር» አላት። «ግድ የሚልሽ አልመሰለኝም። እንዲያውም ቢረጉልሽ የሚቀልሽ መስሎኝ ነው።»

ዘይባን በሕይወቷ ያን ያህል ያስጠየፋት ነገር አልነበረም። የትሉ ሽታ ከልብሷ አልለቀቀም፤ እሱን ረሳችው። ይህ ሰው ተጠያፊነቷን አይቶ፣ ለክቶ፣ ከብርብራው ጋር ወቅጦ ተጠቅሞበታል። የባሰው ደግሞ ሐሰት አለመናገሩ ነው። እውነትም ቀልሏት ነበር። እውነትም ያን ጠዋት ብርድ አለመኖሩን አውቃ ዝም ብላ ነበር።

«አባትህ ሲያሳዩህ» አለችው፣ «ገድለው ነው ያሳዩህ?»

ካሜራዋን አንስታ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት በአገና በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ቡታጅራ ገባች። ወይዘሮ መንበረ አዳራሹን እያስጠረገች ነበር። ዘይባ ፎቶዎቹ እንዲወርዱላት ጠየቀች።

«እንዴት ይሆናል የኔ እህት? ሰኞ እንግዳ አለብኝ። ዋናው ግድግዳ ነው፤ ባዶ ላሳያቸው?»

«ፎቶው የተነሳው ውሃው ተመርዞ ነው።»

«ማን ያውቃል ይሄን?»

ዘይባ ካሜራውን አቀበለቻት። ወይዘሮ መንበረ ቁልፉን እየተጫነች አንድ በአንድ አየች። አምስተኛው ላይ ሳታስበው በመዳፏ አፍንጫዋን ያዘች፣ በፎቶ ውስጥ ሽታ እንዳለ ሁሉ። ወደ መጨረሻው አልደረሰችም። ካሜራውን መለሰችላትና አንድ ጊዜ ግድግዳውን፣ አንድ ጊዜ በሩን አየች።

«መሰላሉ ከመድረኩ ጀርባ ነው» አለች። «የላይኞቹን እኔ እይዝልሻለሁ።»

አሥራ ሁለቱንም አወረዱ። ወይዘሮ መንበረ በቦታው የአንድ ሌላ ትምህርት ቤት የእንሰት ሥራ ፎቶዎች ሰቀለች። እናቷ ቤት ስትደርስ ዘይባ ሁሉንም ነገረቻቸው። እናቷ ሲስቁባት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን አልሳቁም። የቀረበላትን ቆጮ መብላት ሲያቅታት ሳህኑን አነሱላት። እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ጠረኑ በእጇ ላይ እንዳልነበረ ታውቃለች።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ትምህርት ቤቱ የዚያን ዓመት የምረቃ ፎቶ ለሌላ ፎቶ ቤት ሰጠ። ይትባረክ ዘይባ በግድግዳው ላይ ስሟ በትንሹ በመጻፉ ተናዳ ፎቶዎቹን እንዳወረደች ለመምህራኑ ተናግሯል፤ አንዳንዱ አምኖታል። መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል። እሷም አትከተለውም። አንዳንድ ቀን ስለዚያ የአሰብ ውሃ ሲያወራ የነበረው ፊቱ ትዝ ይላትና፣ ያም ውሸት ይሆን ብላ ታስባለች። አልነበረም፤ ያ እውነት እንደሆነ እርግጠኛ ናት። ይህም ነገሩን አያቀልላትም።

መጋቢት ዘነበ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ከሁለት ትልልቅ ዝናብ በኋላ፣ ወንዙ ጉድጓዱን አጥቦት አልፎ መልሶ ሸሸ። ዘይባ ማንም ሳይጠራት ወረደች። ውሃው ጠርቷል። ማዳበሪያዋን አንጥፋ ጃንጥላውን በድንጋይ አስደግፋ ተኛች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላየችም፤ ባዶ ዓለትና አሸዋ ብቻ። ጋሽ ከማሉ መጥተው ከኋላዋ ተቀመጡ።

ከዚያ ከጠርዙ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ ነገር ተወራጨ። አጠገቡ ሌላ። ጭንቅላታቸው ወደ ታች፣ ጭራቸው ውሃው ላይ የተንጠለጠለ፣ ጸጉራም፣ የነኳቸው ይመስል በአንድ ጊዜ የሚጥመለመሉ፣ በመቶ የሚቆጠሩ። የቢንቢ እጭ ነው። ዘይባን ከአንገቷ ጀምሮ ቆዳዋን ቅፍፍ አላት።

«ዓሣ የለም ጋሼ» አለች። «ቢንቢ ብቻ ነው።»

«መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ እሱን የሚበላው ይመጣል።»

ዘይባ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አጠበቀችና ሌንሷን አስጠጋች። እጮቹ ጥላዋን አይተው ወደ ታች ሸሹ። ትንፋሿን ይዛ እስኪመለሱ ጠበቀች።